ስምንተኛው ካውያ

ማስታወቂያ። በካርቱም ሳጃና ሰፈርና በአካባቢዋ ለምትገኙ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ተማሪዎች በሙሉ። «ኤክስፕሌይን» የተባለው ቃል ባለፈው ሐሙስ ምሽት ሁለተኛ ትርጉሙ ላይ እንደደረሰ በመብራት መጥፋት ምክንያት የተቋረጠ በመሆኑ፣ ሦስተኛው ትርጉምና አጠቃላይ አገባቡ እሑድ ጠዋት ከአንድ ሰዓት ተኩል ጀምሮ የሚሰጥ መሆኑን በታላቅ አክብሮት እንገልጻለን። ተማሪዎች መቀመጫቸውን ይዘው እንዲመጡ በጥብቅ እናሳስባለን። አስተዳደሩ።

አስተዳደሩ ማለት ለገሠ ነው። መምህሩም፣ መዝገብ ቤቱም፣ ጠራጊውም እሱው። ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ደብረ ታቦር እንግሊዝኛ ያስተምር ነበር፤ ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ ብጥብጥ በኋላ ካርቱም ከገባ እነሆ አሥራ ሰባት ዓመት። ትምህርት ቤቱ የሚኖርበት ክፍል ነው። መሀሉ ላይ መጋረጃ ተጋርዷል፤ ከመጋረጃው ወዲህ ዩኒቨርሲቲ፣ ከመጋረጃው ወዲያ መኝታ ቤት፣ ማድ ቤትና ሚስቱ ወለተሥላሴ። ጥቁር ሰሌዳው የቁም ሳጥን በር ነው፤ ቁም ሳጥኑ ራሱ በሙቀት ተሰነጣጥቆ ከሞተ ቆይቷል። ኪራዩ በየሦስት ወሩ ይጨምራል፤ የግቢው ባለቤት ሲጨምሩ ፊታቸውን አዙረው «ኡስታዝ፣ ዶላሩ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም» ይላሉ፤ ዶላሩን ግቢው ውስጥ አይቶት የሚያውቅ ሰው ግን የለም። በሩን ነፋስ እንዳይዘጋው ደግፎ የሚይዘው አንድ አሮጌ የከሰል ካውያ ነው። ክዳኑን የሚቆልፍ የነሐስ አውራ ዶሮ አፍንጫው ላይ ተቀምጦበታል። ዶሮው ጭራ የለውም።

የዛሬዋ እሑድ እንደ ሌላው እሑድ አይደለችም። ለገሠ ዘጠኝ ዓመት ሲጠብቅ የኖረው ቀጠሮ ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ወደ ሦስተኛ አገር የሚልከው ቢሮ እሱንና ሚስቱን ለመጨረሻ ኢንተርቪው ጠርቷቸዋል። ሚስቱ እሑድን ለቅዳሴ እንጂ ለቢሮ አልፈጠረችውም፤ በዚህ አገር ግን እሑድ የሥራ ቀን ነው። ልጃቸው ዮሐና የሷን ኢንተርቪው ባለፈው ወር ጨርሳለች። ሞባይል ቤት ትሠራለች፤ ጠዋት ስትወጣ በሩ ላይ ቆማ ጫማዋን እያሰረች፣ «ባባ፣ ዛሬ ኸላስ ነው፣ ያልቃል አይደል? ኢንሻአላህ። ብቻ አንተ ወሬ አታብዛ። የጠየቁህን መልስ፣ ከዛ የላ፣ ውጣ» አለችው። አማርኛዋ እንዲህ ነው፤ ጉንዳን እንደበዛበት ስኳር፣ መሀል መሀሉ ላይ ዓረብኛው ጥቁር ጥቁር ይልበታል። በሦስት ወር ውስጥ ሃያ አንድ ትሞላለች። ሃያ አንድ የሞላች ልጅ ከአባቷ ፋይል ትወጣለች፤ የራሷን ከፍታ እንደገና ከዜሮ ትጀምራለች። ይህን በቤቱ ውስጥ ማንም አያነሳውም። ሁሉም ግን ቀኑን ያውቁታል።

እንዲህ ባለ ቀን ክፍል የሚከፍት ሰው ለገሠ ብቻ ነው። «ማስታወቂያ ወጥቷል» አለ ሚስቱ ስታየው። ዘጠኝ ሰው በየዱካው ተቀመጠ። ግጥም ሊያነብ የሚመጣ የለም፤ ሁሉም ኢንተርቪው አለበት፣ ወይም ይኖርብኛል ብሎ ያስባል። ለዚህ ነው ለገሠ አንዷን ቃል ሁለት ሳምንት የሚያርሳት። የመጀመሪያው ትርጉም፣ የጨለመውን ነገር ማብራት፤ አስተማሪ ዝናብ እንዴት እንደሚዘንብ እንደሚያስረዳው። ሁለተኛው፣ ምክንያት መስጠት፤ ለምን አረፈድሽ፣ ለምን መጣህ። ዛሬ ሦስተኛውን ሰሌዳው ላይ ጻፈ፦ ኤክስፕሌይን ዮርሰልፍ።

«ራስህን አብራራ» አለ፣ ጠመኔውን እያራገፈ። «ይቺ ከላይ ወደ ታች ብቻ ነው የምትባለው። ልብ በሉ፤ የሚጠይቀው ተቀምጧል፣ የሚያብራራው ቆሟል። ፖሊስ ስደተኛን፣ እመቤት ሠራተኛን፣ ሚስት ባልን።»

ከመጋረጃው ወዲያ የማማሰያ ድምፅ ቆመ።

ረክሻ የሚሉትን ባጃጅ የሚነዳው ቴዲ እጁን አወጣ። «ታች ያለው ላይ ያለውን ቢለውስ፣ ጋሼ?»

«ሰዋስው አይከለክልም» አለ ለገሠ። «የሚከለክለው ፖሊስ ነው።»

ከዚያ እንደ ወትሮው ምሳሌው መጣ። «አገሬን እንዴት እንደለቀቅሁ» የሚለውን ጽሑፍ ለገሠ ዘጠኝ ዓመት አስተምሮታል፤ ታሪኩ የራሱ ነው፣ ምሳሌ ከሩቅ አይፈለግም ብሎ። ሁሉም በቃሉ ያውቀዋል። መተማ ላይ የደረቀውን ወንዝ ጎህ ሳይቀድ ተሻገርን። አንድ ነጭ ውሻ ተከተለን፤ አልጮኸም። የአራት ዓመት ልጄን አዝያለሁ። ባለቤቴ የከሰል ካውያ ይዛለች። ደላላው «ጣይው» ሲላት «ተጨማደን አንገባም» አለችው። እዚህ ላይ ክፍሉ ሁልጊዜ ይስቃል፤ ዛሬም ሳቀ። ለገሠ ጎንበስ ብሎ ካውያውን ከበሩ ሥር አነሳው፤ በሩ ጓ ብሎ ተዘጋ፤ «የዶሮው ጭራ ድንጋይ ላይ የተሰበረው ያኔ ነው» ብሎ እንደ ቅርስ ዙሪያውን አሳያቸውና መልሶ በሩ ሥር አኖረው። መጋረጃው አልተነቃነቀም። ወለተሥላሴ ይህን ሳቅ ዘጠኝ ዓመት ከኋላ ሆና ሰምታዋለች።

ተማሪዋ ጦይባ የደረሰችው ሳቁ ላይ ነው። ከወንዙ ማዶ፣ ካፉሪ በሚባለው ሰፈር፣ ቪላ ውስጥ ትሠራለች፤ እመቤቷ ካይሮ ስለሄደች ነው ግማሽ ቀን ያገኘችው። ሰልፍ አለ ተብሎ ድልድዩ በኮንቴነር ስለተዘጋ በቀጭኗ የእግረኛ ማለፊያ በኩል ወታደር እየፈተሻት በእግሯ ተሻግራለች፤ ቀሚሷ ጫፉ ድረስ አቧራ ነው። የደሴ ልጅ ናት፣ ሃያ ስድስት ዓመቷ። ሌሎቹ ዱካቸውን እያነሱ ሲወጡ እሷ ቀረች። ፊቷ የሚያበራ ነገር አለው።

«ጋሼ፣ ረቡዕ ለት ገባሁ እኮ።»

«የት?»

«ኢንተርቪው ነዋ! አልሐምዱሊላህ፣ አንድም ሳልደናቀፍ። ወንዙንም አልኩ፣ ውሻውንም አልኩ፣ ካውያውንም አልኩ።»

«የትኛውን ካውያ?»

«የእርስዎን።» ግራ ገብቷት አየችው። «ሌላ ካውያ አለ እንዴ?»

ለገሠ ቁጭ አለ። የተቀመጠበት ዱካ የሱ አልነበረም፤ አንድ እግሩ አጭር ነው፣ ዘመም አለ። ያ እኮ ምሳሌ ነው፣ አላት፤ አሠራሩን አይተሽ የራስሽን ልትሠሪበት ነው እንጂ፤ እኔ ደብተር ሰጠሁሽ እንጂ ፈተናውን አልሰጠሁሽም። ጦይባ ጥፍሯን እያየች ሰማችው። ጥፍሮቿ በበረኪና ነጥተዋል።

«የእርስዎ በሰዋስው የታረመ ነው፣ ጋሼ» አለች። «የኔ አልታረመም።»

«ብታመጪው እናርመው ነበራ!»

«ጀምሬው ነበር። ከመተማ ስንነሳ ሦስት ነበርን፣ ሦስታችንም የአንድ ቀበሌ ልጆች። መኪናው ላይ...» አቆመች። መጋረጃውን፣ ሰሌዳውን፣ በሩን አየች። «እሱ ኤክስፕሌይን አይደረግም። አፌን ስከፍተው ይደርቃል። የምትጠይቀው ሴትዮ ብርጭቆ ውኃ ሰጠችኝ፤ ቢሆንም ደረቀ። ያኔ የእርስዎ ውሻ መጣልኝ። ከዚያ በኋላማ ዝም ብሎ ፈሰሰ።»

ማን እንዲህ አድርጊ እንዳላት ጠየቃት። ማንም አላላትም፤ የቀድሞ ተማሪው ሀኒፋ በዚሁ ታሪክ እንዳለፈች ስለነገረቻት ነው። ከሀኒፋ በፊት ዳውድ። ሀኒፋ ካናዳ ገብታ በረዶ ውስጥ ቆማ ፎቶ ልካለት ነበር፤ «ጋሼ፣ ሁሉም በእርስዎ ነው» የሚል ጽፋበት። ዳውድም ከአውስትራሊያ በድምፅ አመስግኖታል። ለገሠ ምስጋናውን ለሰዋስው ወስዶት ነበር። ያን ሰሞን ሰፈር ውስጥ ደረቱን ነፍቶ መሄዱ ትዝ አለው፤ ቡና ቤት ሳይቀር ስለ መስተዋድድ ማብራሪያ ሰጥቷል።

«አጠፋሁ እንዴ፣ ጋሼ?» አለች ጦይባ። «መልሱን ገና እየጠበቅሁ ነው።»

«የለም» አለ። «እንግሊዝኛው ጥሩ ነበር?»

«እርስዎ እንዳስተማሩኝ ነው።»

ጦይባ ወጣች። መጋረጃው ስስ ነው፤ ሚስቱ ሁሉንም ሰምታለች። በዚህ ቤት ዝምታ እንደ ኪራዩ ነው፤ በየጊዜው ይጨምራል፣ ምክንያቱን የሚናገር የለም። ነጭ ቀሚሷን ለብሳ ወጣች፤ ጎንበስ ብላ ካውያውን ከበሩ ሥር አነሳች፤ በጥቁር ፌስታል ጠቅልላ ብብቷ ሥር ያዘችው። በሩ ከኋላቸው ራሱን ዘጋ።

«ምን ልታደርጊው ነው?»

«እንዲያዩት።»

ሀፍላ በሚሉት አውቶቡስ ውስጥ የጣራው ቆርቆሮ ይጋግራል። ትኬት ቆራጩ ጣቱን እያጮኸ ገንዘብ ይሰበስባል፤ ዋጋው ከሐሙስ ወዲህ ጨምሯል፣ ሰዉ ያጉረመርማል፣ ይከፍላል። ውሃ የምትሸጥ ልጅ መስኮቱን ትመታለች። ለገሠ ለሚስቱ በመስኮቱ በኩል ያለውን ወንበር ለቀቀላት፤ ካውያው ጭኗ ላይ ነው። የዶሮው ምንቃር ፌስታሉን ቀዶ ብቅ አለ፤ ወለተሥላሴ በአውራ ጣቷ ሸፈነችው።

«‹ተጨማደን አንገባም› አላልኩም» አለች፣ ድንገት።

«ምን?»

«ደላላው ጣይው ሲለኝ። ምንም አላልኩትም። ዘጠኝ ዓመት ያላልኩትን ስታስቅበት ዝም አልኩህ።»

ለገሠ ጉሮሮውን ጠረገ። ትምህርታዊ ዋጋ አለው ሊል ፈለገና ተወው። «ታዲያ ለምን ያዝሽው?»

«አሁን ጠየቅኸኝ?» ወደ ውጭ እያየች ነው። «እጄ ላይ ስለነበረ ነዋ። ያንተን ሸሚዝ እየተኮስኩ አልነበር? ገብተህ ‹ተነሺ› አልከኝ፤ ተነሣሁ። ከሰሉን በር ላይ ደፋሁት። የያዝኩት መሆኑን ያወቅሁት መተማ መዳረሻ፣ ሸህዲ ስንደርስ ነው። ከዚያ በኋላ ብጥለው ሞኝ እመስላለሁ ብዬ ነው።»

«ሸሚዙስ?»

«አንደኛው እጅጌው ብቻ ነበር የቀረኝ» አለች።

ቢሮው በር ላይ ወረዱ።

ቢሮው ግቢ ውስጥ የቆርቆሮ ጥላ ሥር አግዳሚ ተደርድሯል። ሰው ሁሉ አዲስ ልብስ ለብሶ፣ ሰነዱን በፕላስቲክ አቅፎ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ተቀምጧል፤ የሚጸልየውና የሚለማመደው አይለይም። ለገሠ ከአግዳሚው ጫፍ ላይ «አልጮኸም» የሚል ቃል የሰማ መሰለውና ወደዚያ አልዞረም። በስድስት ሰዓት የተቀጠሩት ስምንት ሰዓት ላይ ተጠሩ።

ክፍሉ ቀዝቃዛ ነው። ጠረጴዛው ላይ የሶፍት ካርቶን፣ አንድ ጀግ ውሃና የተቆለሉ ፋይሎች አሉ። ጠያቂዋ አፍንጫዋ በፀሐይ የተላጠ፣ ጨዋ የምትመስል ወጣት ፈረንጅ ናት፤ ተነሥታ ጨበጠቻቸው። ከጎኗ አስተርጓሚው ሙስዐብ ተቀምጧል። ለገሠን ሲያይ ዓይኑን ወደ ወረቀቱ ሰበረ። ካርቱም ተወልዶ ያደገ የወሎዬዎች ልጅ ነው፤ እንግሊዝኛውን የተማረው ለገሠ ክፍል ውስጥ፣ ፊተኛው ረድፍ ላይ፣ ውሻና ካውያ እየገለበጠ ነው። ደንቡ ተነበበላቸው፦ ጠያቂ በእንግሊዝኛ ይጠይቃል፣ ተጠያቂ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ይመልሳል፣ ሁሉም በአስተርጓሚ ያልፋል። ለገሠ ያስተማረውን ልጅ ትርጉም ቁጭ ብሎ ሊሰማ ነው።

አገርዎን እንዴት ለቀቁ፣ አለችው።

ለገሠ መንገድ ላይ አስቦበት ነበር። ውሻውን ይተወዋል። ካውያውን ይዘለዋል። በሌላ በኩል ይጀምራል፤ ከትምህርት ቤቱ፣ ከዳይሬክተሩ፣ ከተጠራበት ጣቢያ። ጀመረም። ግን ዘጠኝ ዓመት ያስተማረ ሰው አፉ የራሱ አይደለም፤ መተማ ሲደርስ ዓረፍተ ነገሮቹ ራሳቸው እየተሰለፉ ይወጡ ጀመር፣ ነጠላ ሰረዛቸው እንኳ ሳይጎድል። የደረቀውን ወንዝ አለ። ሊያቆም ሞከረ። ጎህ ሳይቀድ አለ። አንድ ነጭ ውሻ አለ። ሙስዐብ ተረጎመ። ጠያቂዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች፤ ዓይኗን ጨፈነች።

«አልጮኸም» አለች፣ በራሷ ቋንቋ፣ ቀስ ብላ።

ሙስዐብ ይህን መተርጎም ይኖርበት እንደሆነ አላወቀም።

ከተቆለሉት ፋይሎች ሰባቱን አንድ በአንድ ፊታቸው ደረደረች። መመሳሰሉን ያስተዋለችው ባለፈው ሳምንት፣ ከረቡዕ በኋላ ነው፤ የዓርብና የቅዳሜ ዕረፍቷን ትታ ወደ ኋላ አነበበች። ሰባት ሰው፣ አንድ ውሻ። ሰባት ካውያ፣ ሁሉም አውራ ዶሮ አለው፣ አንዱም ዶሮ ጭራ የለውም። የናንተ ስምንተኛው ነው፣ አለች። አልተቆጣችም፤ የደከማት ነው የምትመስለው።

«ስምንተኛው ሺህ» አለች ወለተሥላሴ ለራሷ። ሙስዐብ አልተረጎመውም።

ጠያቂዋ ቀጠለች። አራቱ ሄደዋል፤ የሄደ አይመለስም። ሦስቱ እዚሁ መልስ እየጠበቁ ናቸው። ታሪክ መመሳሰሉ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ በአንድ መንገድ የመጣ ብዙ ሰው አለ፤ ስለዚህ ዛሬ ልዘጋቸው አልችልም። ግን ከስምንቱ አንዱ እውነተኛ ይመስለኛል፣ አለች፤ የእርስዎ ቢሆን ደስ ይለኛል። ሌሎቹ ከየት እንዳገኙት ያስረዱኝ። ካስረዱኝ ፋይልዎ ዛሬውኑ ወደ ላይ ይሄዳል፤ ልጅዎም ሃያ አንድ ሞልቷት ከፋይልዎ ሳትወጣ ይደርሳል። ካላስረዱኝ፣ መልስ ያልተሰጠበት ጥያቄ ያለበት ፋይል አይንቀሳቀስም።

ወለተሥላሴ እስከዚህ ድረስ ፌስታሉን ጭኗ ላይ ይዛ ጠርዙን እየፈታች ነበር። የዶሮው ምንቃር ወጥቷል፤ አንድ ቋጠሮ ነው የቀረው። «ሦስቱስ?» አለች፣ ወደ ሙስዐብ ዞራ፤ በዚያ ክፍል ውስጥ ለሌላ ሰው የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ነው። ሙስዐብ ጠየቀላት። መልሱ አጭር ነበር።

«ከተብራራ ሦስቱ ይዘጋሉ፣ እትዬ» አለ ሙስዐብ።

ጣቷ ቋጠሮው ላይ ቆመ። ለገሠ አላያትም፤ የሚያየው የመጨረሻውን ፋይል ነው፤ ጥግ ላይ ትንሽ ፎቶ ተለጥፏል፣ ከሩቅም ቢሆን የጦይባን ሻርፕ ያውቀዋል። ከጎኑ የፌስታል ኮሽታ ሰማ። ወለተሥላሴ ካውያውን መልሳ ጠቀለለችው። ቀስ ብላ ወለሉ ላይ አስቀመጠችው፤ ከዚያ በተረከዟ ወንበሩ ሥር ገፋችው። ብረቱ ሴራሚኩ ላይ ረጅም፣ አስቀያሚ ድምፅ አሰማ።

ጠያቂዋ ቀና አለች። ምን ነበር?

«ጫማዬ ነው» አለች ወለተሥላሴ።

ሙስዐብ ጫማዋ ነው ብሎ ተረጎመ።

ጠያቂዋ እስክሪብቶዋን አነሳች፤ ባዶ ገጽ ገለጠች። ወደ ለገሠ ዘንበል ብላ፣ ሰው የታመመ ዘመዱን እንደሚለምን ዓይነት፣ «ፕሊስ» አለች። «ኤክስፕሌይን።»

ሙስዐብ ሊተረጉም አፉን ሲከፍት ለገሠ መዳፉን አነሳ፤ ክፍል ውስጥ ወሬኛ ተማሪ እንደሚያስቆም። ለዚህ ቃል አስተርጓሚ አያስፈልገውም። ከዚያ በደንቡ መሠረት፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋው መለሰ።

«አላብራራም።»

ሙስዐብ ሌላ የሚከተል ነገር ያለ መስሎት ጠበቀ። ከዚያ ተረጎመው። ጠያቂዋ አንድ ነገር ጠየቀች፤ ሙስዐብ ወደ መምህሩ ዞሮ፣ እንደ ልጅነቱ አንገቱን ቀብሮ፣ «ምክንያቱን ይንገሩኝ ትላለች፣ ጋሼ» አለ።

«እሱንም አላብራራም።»